የሚመታ ልብን መልመድ፦ ለሚጨነቅ ሰው የሶምሶማ አጀማመር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም በማትርቅ ጠባብ ሱቅ፣ 17 ዓመት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጫለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሰርግ ቀሚስ፣ ሱሪ ማሳጠር፣ የመጣውን ሁሉ እሰፋለሁ። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ግን ለሦስት ዓመት የገዛ ልቤ ምት ሲያስፈራኝ ኖሯል። ያንን ፍርሃት ያቀለለልኝ፣ ከሐኪም ምክር ጋር፣ በጣና ዳር ቀስ ብዬ መሮጤ ነው። እኔን የመሰለ ሰው ካለ እንዴት መጀመር እንደሚችል ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ የመጋቢት ሌሊት ነው። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ከእንቅልፌ ባነንኩ። ልቤ ደረቴን ሊቀድ ይደልቃል። እጄ ደነዘዘ። ላብ አጠመቀኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። "በቃ፣ ሞትኩ" አልኩ። ባለቤቴ ባጃጅ ለምኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። ልቤን በመሣሪያ አዩት፤ ደህና ነው። ደም ወሰዱ፤ ደህና ነው። ተረኛው ባለሙያ "ምንም የለብሽም፣ ሂጂና ተኚ" ብሎ ሸኘኝ። ምንም የለብሽም መባል ግን አላሳረፈኝም። በሳምንቱ ደግሞ መጣብኝ። ከዚያ ገበያ መሃል መጣ። ከዚያ ቅዳሴ ላይ ቆሜ መጣ።

ከሁሉ የጎዳኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ልቤ እንዳይመታ መጠበቅ ጀመርኩ። ደረጃ መውጣት ተውኩ። ጣቃ ጨርቅ የምታነሳው ረዳቴ ሆነች። ጀሪካን አልሸከምም። ሰርግ ላይ እስክስታ አልወርድም። ራሴን እንደ እንቁላል ያዝኩ። ሰውነት ደግሞ ካልሠራ ይደክማል። ከስድስት ወር በኋላ ከሱቅ እስከ ቤቴ ያለችው አጭር መንገድ እንኳ ልቤን ታስመታው ጀመር። ያ ምት ሌላ ፍርሃት ያመጣል። ፍርሃቱም ምቱን ያባብሰዋል።

በኋላ ያየኝ ሌላ ሐኪም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊን የሚባል ቅመም ወደ ደም ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል። ጅብ ቢያባርረን የሚያተርፈን ይኸው ነው። የእኔ ሰውነት ጅቡ ሳይኖር ተነሳ። እኔ ደግሞ የልቤን መምታት ራሱን እንደ ጅብ ቆጠርኩት። ነገሩ ሲገባኝ አለቀስኩ። ሦስት ዓመት የሸሸሁት የራሴን ልብ ነበር።

በመጀመሪያ መመርመር

ይህን እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ። ልብ የሚያስመታው ጭንቀት ብቻ አይደለም። የደም ማነስ ያስመታል። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ያስመታል፤ በእኛ አገር እንቅርት ያለበት ሰው ጥቂት አይደለም። ደም ግፊት አለ። በልጅነት ተደጋግሞ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የሚተርፍ የልብ በሽታም አለ። እነዚህ ሁሉ በምርመራ ይታወቃሉ። ሐኪሙን "መሮጥ ልጀምር ነው፣ ይፈቀድልኛል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ፣ ሩጫው ይቅር። ቀጥታ ሆስፒታል።

ሩጫ ለምን?

ስንሮጥ የሚሰማን ነገር ከጭንቀቱ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ልብ ይመታል። ትንፋሽ ይፈጥናል። ያልባል። ፊት ይግላል። ልዩነቱ፣ አሁን ምክንያቱን እናውቀዋለን። እኛው አስነሳነው፤ ስንቆም ደግሞ ይበርዳል። ይህ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም አእምሮ ይማራል። "ልብ መታ ማለት ሞት መጣ ማለት አይደለም" የሚለውን ቃል ሰው ነግሮኝ አልገባኝም። እግሬ ነው ያስተማረኝ።

ሌላም አለ። ከአንድ የሶምሶማ ቀን በኋላ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆይ እፎይታ ይመጣል። ሰውነት በሩጫ ጊዜ ሕመምን የሚያስታግሱና መንፈስን የሚያቀሉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል። እንቅልፍም ይስተካከላል። የጠዋት ብርሃን ዓይናችን ውስጥ ሲገባ የሰውነት ሰዓት ይቃናል፤ ማታ እንቅልፉ በጊዜው ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ለውጥ ይኼ ነበር። ፍርሃቱ ሳይቀንስ እንቅልፌ መጣ።

ለድብርትም ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከባድ ድብርት ያለባቸው 156 ሰዎች፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ፣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን መድኃኒት ወሰደ። አንዱ በሳምንት 3 ቀን ስፖርት ሠራ። ሦስተኛው ሁለቱንም። ከ16 ሳምንት በኋላ ሦስቱም ቡድኖች በተቀራራቢ መጠን ተሽሏቸው ተገኙ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጠን ብሎ ነበር የሠራው። ይህን የምነግራችሁ መድኃኒት ጣሉ ለማለት አይደለም። ስፖርት ጨዋታ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ መካከለኛ ይባላል። ጠንከር ያለ ሩጫ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። እኔ እዚያ ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ከዚያ በታች ያለውም ከምንም ይሻላል።

ዘንባባ መቁጠር

ያስጀመረችኝ ጎረቤቴ ናት። እታለም እላታለሁ፤ በዕድሜ 15 ዓመት ትበልጠኛለች። ጠዋት ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሳ በሐይቁ ዳር ትራመዳለች። አንድ ቀን በሬ ላይ ቆማ "አንቺ ልጅ፣ ነይ ውጪ። ምንም አላስወራሽም፣ ዝም ብለሽ አብረሽኝ ሂጂ" አለችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ያን ቀን የተራመድነው 15 ደቂቃ አይሞላም።

የመጀመሪያው ሳምንት መራመድ ብቻ ይሁን። አራት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ። ክንድ እየተወዛወዘ፣ ዓይን ወደ ፊት እያየ። ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ናት። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ዳገት የሚያስቸግረን ወደ ቤዛዊት ስንወጣ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገረም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዱብ ዱብ ይጀመራል። ሰዓት አልያዝኩም። የያዝኩት ዘንባባ ነው። በሐይቁ በኩል ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉትን ዘንባባዎች ታውቋቸዋላችሁ። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ ሦስት ዘንባባ እርምጃ። እንደገና አንድ፣ እንደገና ሦስት። ይህን ስድስት ጊዜ። ርቀታቸው እኩል አይደለም፣ ግድ የለም። ዘንባባ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። የሚጨነቅ ሰው ስልኩን ባየ ቁጥር ደቂቃው አልሄድ ይለዋል። ዛፍ ግን ይታያል። "እዚያች ጋ ስደርስ አርፋለሁ" ሲባል ልብ ይረጋጋል።

ሦስተኛው ሳምንት አንድ ለሁለት። አራተኛውና አምስተኛው ሁለት ለሁለት። ከዚያ ሁለት ለአንድ። ከበዳችሁ ያንኑ ሳምንት ድገሙት፤ እኔ አራተኛውን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ 20 ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። እታለም ዕልል አለች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ርቀታችሁን ማወቅ ለምትፈልጉ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ጥሩ መለኪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛ መንገድም አለው። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ 1,520 ሜትር ነው። ከታች ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን ሲጀምር ይታያል። እኔ በእሑድ ጠዋት ብቻ ነው የምሄደው፤ በሥራ ቀን የመኪናው ጭስ ይበዛል።

ፍጥነታችሁ ስንት ይሁን? እየሮጣችሁ መናገር በምትችሉበት ልክ። እኔ "አቡነ ዘበሰማያት" እላለሁ። አንዱን ሐረግ ሳልቆራርጥ ከጨረስኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። መሃል ላይ ትንፋሽ ካቋረጠኝ ቀስ እላለሁ። ሙስሊም የሆነች ደንበኛዬ በፋቲሃ ትለካዋለች። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሯጭ ሲባል የሚታየን በቴሌቪዥን ያየነው የመጨረሻ ዙር ነው። ታላላቆቹ ሯጮቻችን እንኳ አብዛኛውን ልምምዳቸውን የሚሠሩት ቀለል ባለ ሩጫ ነው። እናንተም ቀስ በሉ። ከጎናችሁ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ቢያልፋችሁ ይለፋችሁ።

ልባችሁን ቁጠሩ

ለእኔ ቁልፉ ይኸኛው ነው።

ሁለት ጣት፣ አመልካቹንና የመሃሉን፣ ከመንጋጋ በታች ከጉሮሮ ጎን በቀስታ አሳርፉ። አትጫኑ። ምቱ ሲሰማችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ። ሮጣችሁ እንደቆማችሁ አንድ ጊዜ። ከ1 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ። ስትቆጥሩ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ፤ ድርቅ ብላችሁ አትቁሙ።

የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ። ከኋላው በኩል የራሴን ልኬት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይላል፦ ተቀምጬ 76፣ እንደቆምኩ 148፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ 120፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 96። 148ን ሳይ ብዕሩ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ግን 120 አለ። ከዚያ 96። ማንም ሳይነካው፣ መድኃኒት ሳልውጥ፣ ውሃ ሳልረጭ፣ ልቤ በራሱ ወረደ። ሦስት ዓመት ሙሉ "አንዴ ከተነሳ አይመለስም" ብዬ የፈራሁት ነገር ዓይኔ እያየ ተመለሰ። ደብተሩ ላይ ተጻፈ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ርቀት 132 እና 100 ሆነ። ልብ ጡንቻ ነው፤ ሲሠራ ይጠነክራል። አንድ ጊዜ ሲመታ ብዙ ደም ስለሚገፋ መቻኮል አያስፈልገውም። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል። የእኔን ቁጥር መመዘኛ አታድርጉት። የራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር ብቻ አነጻጽሩ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ደግሞ በየቀኑ መቁጠር ተዉት፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። በየሰዓቱ አንገቱን የሚዳስስ ሰው ጭንቀቱን ይመግበዋል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ሆኜ እታለም ደብተሩን ወስዳ ቤቷ አስቀመጠችብኝ።

ፍርሃቱ መንገድ ላይ ከመጣ

ይመጣል። በስድስተኛው ሳምንት ማንጎ ፓርክ አካባቢ ስደርስ መጣብኝ። እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬ ዙሪያ ነዘረኝ። ያኔ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

አትቀመጡ። ወደ ቤትም አትሩጡ። ወደ እርምጃ ቀይሩት። ተቀምጦ ሲጠብቁት ይገናል። ሸሽተን ቤት ከገባን ደግሞ አእምሮ "ያተረፈኝ ቤቱ ነው" ብሎ ይይዛል፤ በማግስቱ መውጣት ይከብዳል።

ትንፋሹን ወደ ውጭ አስረዝሙት። በሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ በአራት እርምጃ ወደ ውጭ። የእጅና የከንፈር መደንዘዝ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ ስንተነፍስ ነው። ብዙ አየር ስናስወጣ በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ያ ነው የሚነዝረን። ስለዚህ "በረጅሙ ሳቢ" የሚለው የደግ ሰው ምክር ያባብሰዋል። መርዘም ያለበት የሚወጣው ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ለሐይቁ ስጡት። ታንኳ ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲስብ እዩ። ደንገሉ በየት በኩል እንደተኛ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ። እታለም ያን ጊዜ "ያ ሰውዬ ቀረሶ ነው የያዘው ወይስ አምባዛ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለመመለስ አተኩሬ ማየት ነበረብኝ። ቀረሶ ነበር። ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ፍርሃቱ ረገበ። ከዚያ አንድ ዘንባባ፣ አንዲት ብቻ፣ ዱብ ዱብ ብለን ወደ ቤት ሄድን። ያቺ አንዲት ዘንባባ አስፈላጊ ናት። የቀኑ መጨረሻ ፍርሃቱ እንዳይሆን ነው።

ልብስ፣ ሰዓት፣ ሐይቁ

ጫማ ከሰልባጅ ገዛሁ። ሲገዙ ሶሉን ማጠፍ ነው፤ ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ጥሩ ነው፣ መሃሉ ላይ ከተሸበለለ አይሆንም። ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀ ከሆነ አትውሰዱ። ለሴቶች ጥብቅ ያለ ጡት መያዣ ከጫማም ይቀድማል። ሱሪ ለብሶ መውጣት የሚከብዳት ካለች፣ እኔ ከቱታ ሱሪ በላይ ከጉልበት ዝቅ የሚል ሰፊ ጉርድ ሰፍቼ ነው የጀመርኩት። በወገቡ ውስጥ ለቁልፍ የምትሆን ትንሽ ኪስ አደረግኩለት። አሁን ለአራት ሴቶች ሰፍቻለሁ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አይቻልም። ግን በጨለማ አትውጡ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ከውሃው ይወጣል፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል መግባት አደገኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ወዲያ፣ በዋናው መንገድ። ማታ ከሆነ የሚያስቸግረው ትንኝ ነው። የሐይቁ ዳር ወባማ ነው፤ በተለይ ከክረምት በኋላ። እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን። እግር ግሎ ውሃው ውስጥ መንከር ያምራል። አታድርጉት፤ ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ።

ልጃገረዶች ለከፋው ያሳስባቸዋል፤ ልክ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣት ይረዳል። መጀመሪያ ላይ እኛንም "እማማ፣ ወዴት ነው?" የሚሉ ነበሩ። አሁን ያው ልጆች "ሰላም አደራችሁ" ይሉናል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማለፍ የራሱ ጥበቃ አለው። የጀልባው ሠራተኞች፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ፣ ጥበቃዎቹ ያውቁናል። አንድ ቀን ብንቀር ይጠይቃሉ። ለተጨነቀ ሰው "ትናንት የት ጠፋሽ?" መባል ትልቅ ነገር ነው።

መውጣት የማይቻልባቸው ቀኖች አሉ። ዝናብ ይኖራል፤ መንገድ የማይመችበት፣ ከተማው ዝም የሚልበት ቀንም አለ። ጭንቀት የሚበረታው ደግሞ ያኔ ነው። ግቢ ውስጥ ገመድ ዝለሉ፤ 30 ሰከንድ ዘሎ 1 ደቂቃ ማረፍ፣ አሥር ጊዜ። ገመድ ከሌለ ባሉበት ዱብ ዱብ ማለት ይቻላል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በግቢያችን ከበር እስከ ማድ ቤት ተመላልሻለሁ። 22 እርምጃ ናት። ልብ ቦታውን አይጠይቅም፤ ሥራውን ይሠራል።

ጾም፣ ቡና፣ ጫት

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋት ሩጫ ይከብዳል። ባዶ ሆድ ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥና ማዞር ከጭንቀቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ጀማሪን ያስደነግጣል። በጾም ጠዋት እንራመዳለን ብቻ። ሩጫው ወደ 11 ሰዓት፣ ከበላን ሁለት ሰዓት በኋላ ይሆናል። በረመዳንም ከማፍጠሪያ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ቀለል ያለ እርምጃ የሚያደርጉ አሉ።

ቡናን በተመለከተ እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ እኔም መስማት አልፈለግኩም ነበር። ካፌይን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከአቦል እስከ በረካ የምጠጣ ሰው ነበርኩ፣ ያውም በቀን ሁለት ጊዜ። አሁን ጠዋት አቦልና ቶና፤ ከቀትር በኋላ የለም። ጀበናው ሲቀርብ ተነስቼ አልሄድም፤ እቀመጣለሁ፣ እጫወታለሁ፣ ሲኒዬን አስቀራለሁ። ጫት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያጠፋል፣ ሲበርድ መንፈስ ያወርዳል። ጭንቀት ያለበት ሰው ጫት እየቃመ በሩጫ ይሻለኛል ካለ፣ በአንድ እጁ ሰፍቶ በሌላው መተርተር ይሆንበታል።

ሩጫ የማይሠራው

እኔ መድኃኒትም ወስጃለሁ። ለአሥር ወር። ያቆምኩት ሐኪሙ ቀስ በቀስ መጠኑን እየቀነሰ ነው። በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፤ ሕመሙ ሊመለስ፣ ሰውነትም ሊናወጥ ይችላል። ጸበልም ተጠምቄአለሁ፤ እምነቴ ነው፣ አጽናንቶኛል። ጸበልና ክኒን፣ ጸበልና ሩጫ አይጣሉም። የሚጎዳው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ነው።

ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰው "ተነስና ሩጥ" ማለት ጭካኔ ነው። ድብርት የጠናበት ሰው ስንፍና አልያዘውም። እንደ እታለም በሩ ላይ ቁሙለት። እስከ አጥር አብራችሁ ሂዱ። ያ ለዚያ ቀን ይበቃል። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ ወይም "ባልኖር ይሻላል" የሚል ካለ ግን የስፖርት ጊዜ አይደለም። ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ የሄድኩበትን ቀን እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ፍርሃቱ ከእኔ ጨርሶ ጠፍቷል አልልም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ይላል። ሌሊት ልቤ ሲደልቅ እነቃለሁ። ያኔ ጣቴን አንገቴ ላይ አደርጋለሁ። 110 ገደማ ይሆናል። "እታለምን ተከትዬ ስሮጥ ከዚህም በላይ መትቶ ያውቃል" እላለሁ። ውሃ እጠጣለሁ። ሁለት ለአራት እተነፍሳለሁ። ብዙውን ጊዜ ተመልሼ እተኛለሁ።

ካቋረጣችሁ

ባለፈው ኅዳር ወባ ጣለኝ። ከዚያ የዩኒፎርም ትእዛዝ ተደራረበ። ሰባት ሳምንት ሳልሮጥ ቀረሁ። ስመለስ በነበርኩበት ፍጥነት ልቀጥል ብዬ በአምስተኛው ደቂቃ ጎኔን ውጋት ያዘኝ፣ አዞረኝ፣ የድሮው ፍርሃት ሸተተኝ። ስህተቴ ግልጽ ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ካቋረጣችሁ በግማሹ ጀምሩ። ከትኩሳት በኋላ ደግሞ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀ ቢያንስ አንድ ሳምንት መራመድ ብቻ። ከወባ በኋላ ደም ስለሚያንስ ልብ በትንሽ ሥራ ይደክማል፤ ድካሙ ካልለቀቀ ደማችሁን አስመርምሩ።

በማግስቱ እታለም መጥታ በር አንኳኳች። ደብተሩን ይዛልኝ ነበር። ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ሐይቁ ወረድን። አንድ ዘንባባ ሮጥን፣ ሦስት ተራመድን።